ኮሎምቦን ያቆዩ ካሴቶች

የቴሌቪዥን ድራማ ሲጀመር እንዲቀመጥ ታስቦ አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ኒውዮርክና ለንደን ውስጥ ተዋንያን ስቱዲዮ ገብተው ካሜራ ፊት ይጫወታሉ፤ ተመልካቹ በዚያችው ደቂቃ በየቤቱ ያያል፤ የስቱዲዮው መብራት ሲጠፋ ጨዋታውም አብሮ ያልቃል። ያመለጠው ሰው በማግስቱ ከጎረቤት ይሰማ እንደሆነ እንጂ ደግሞ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም።

ሕዝቡ በጉጉት ከሚጠብቃቸው መካከል ቀድሞ የተነሣው የወንጀል ምርመራ ድራማ ነው። "ድራግኔት" በ1949 በራዲዮ ጀመረ፤ በ1951 መጨረሻ ደግሞ ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ። ጃክ ዌብ ራሱ አዘጋጅ፣ ራሱ መሪ ተዋናይ ሆኖ የሎስ አንጀለሱን ሳጅን ጆ ፍራይዴይን ተጫወተ። ዌብ ሥራውን እንደ ሲኒማ በፊልም ቀረጸው። ጠበቃው "ፔሪ ሜሰን" በ1957 ሲመጣም እንዲሁ በፊልም ተቀረጸ፤ እስከ 1966 ድረስ 271 ክፍሎች ወጡት። ፊልም ውድ ነው፤ ነገር ግን አንዴ ብርሃን ከነካው በኋላ ሌላ ነገር አይቀረጽበትም፤ ስለዚህ መጋዘን ይገባና ይቀመጣል። የዛሬ ሰብሳቢዎች እነዚያን ሥራዎች ጥርት ባለ ምስል የሚያዩት በዚህ ምክንያት ነው።

አደጋው የመጣው ከቪዲዮ ክር ጋር ነው። በሚያዝያ 1956 አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ምስልን በማግኔት ክር ላይ የሚቀርጽ መሣሪያ አሳየ። የመሣሪያው ዋጋ 50 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ የአንድ ሰዓቱ ክር ብቻ ወደ 300 ዶላር ያወጣ ነበር። ክሩ ግን ተደምስሶ ደግሞ ደጋግሞ ይቀረጽበታል፤ ጣቢያዎቹም ይህን ወደዱት። ዛሬ የተላለፈው ድራማ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይጠፋና በዚያው ክር ላይ የኳስ ጨዋታ ወይም ዜና ይገባል። ደግሞ የሚያየው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ የተዋንያን ማኅበራትም ድግግሞሽ ሥራ ያሳጣናል ብለው የድጋሚ ስርጭቱን ቁጥር ይገድቡ ነበር።

ጉዳቱ ከባድ ነው። የእንግሊዙ ቢቢሲ "ዲክሰን ኦቭ ዶክ ግሪን" የተባለውን የፖሊስ ድራማ ከ1955 እስከ 1976 ከ430 ክፍል በላይ አስተላልፎ ነበር፤ ዛሬ የሚገኘው 30 ገደማ ነው። በ1968 ፒተር ኩሺንግ ሼርሎክ ሆልምስን ሆኖ የተጫወተባቸው 16 ክፍሎች ነበሩ፤ የቀሩት 6 ናቸው። የሌላ የእንግሊዝ ጣቢያ ድራማ የሆነው "ዘ አቬንጀርስ" በ1961 ሲጀምር ከነበሩት 26 ክፍሎች ለረጅም ዘመን ሙሉ ሆነው የሚታወቁት 2 ብቻ ነበሩ። ቢቢሲ እንዲህ ያለውን ሥራ ሰብስቦ የሚያስቀምጥ ክፍል ያቋቋመው በ1978 ነው። ያን ያህል ሀብት፣ ያን ያህል ሠራተኛ ያለው ተቋም የራሱን ታሪክ በገዛ እጁ ደመሰሰ።

ወደ እኛ አገር ልምጣ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው። "ሂሩት አባቷ ማነው" የተባለው የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም የተሠራውም በዚያው ዘመን ነው። የቴሌቪዥኑ ስርጭት ግን ለረጅም ዓመታት ከዋና ከተማዋና ከዙሪያዋ ብዙም አልራቀም። በሰሜን ወሎዋ ፍላቂት ላይ ዛሬ ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የወልዲያ–ወረታ መንገድ እንኳ ገና አልተሠራም ነበር፤ እሱ የመጣው በደርግ ዘመን በቻይና መሐንዲሶች እጅ ነው።

ይሁን እንጂ መርማሪው ከስክሪን በፊት በመጽሐፍ ደርሶልናል። ይልማ ሀብተየስ የአማርኛን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ መንገድ ከከፈቱት ደራስያን ፊት የሚቆም ሰው ነው። የስለላውን ዓለም ወደ አማርኛ ያመጣው ማሞ ውድነህ ደግሞ የጎረቤታችን የዋግ ልጅ ነው፤ ትውልዱ አምደ ወርቅ ነው። "ሰላዩ ሬሳ"ን የመሰሉ ትርጉሞቹ ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ፣ ሽፋናቸው ተገንጥሎ በካኪ ወረቀት እየተጠቀለሉ ተነብበዋል። የኢትዮጵያ አንባቢ ፍንጭ መከተልን፣ ተጠርጣሪ መለየትን፣ የምስክርን ቃል መመዘንን ከእነዚህ ደራስያን ለምዷል። ይህን ባለውለታነት ቴሌቪዥንና ቪዲዮ ሲወራ የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈልግም።

አሁን የታሪኩ እምብርት ወደሆኑት ዓመታት ደረስን። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1971 በአሜሪካው ኤንቢሲ "ኮሎምቦ" በመደበኛነት መታየት ጀመረ። የመጀመሪያውን ክፍል ያዘጋጀው ገና ወጣት የነበረው ስቲቨን ስፒልበርግ ነው። ፒተር ፎክ የተጨማደደ ካፖርት ለብሶ፣ ሲጋሩን ይዞ፣ ሰውን እያታከተ የሚጠይቀውን የሎስ አንጀለስ መርማሪ ሆነ። በ1973 ደግሞ በተፎካካሪው ሲቢኤስ "ኮጃክ" መጣ፤ ራሱን የተላጨው ቴሊ ሳቫላስ ከረሜላ እየመጠጠ የኒውዮርክን ወንጀለኛ ያሳድዳል። ሁለቱንም የሚሠራቸው አንድ ኩባንያ፣ ዩኒቨርሳል ነበር። ሁለቱም እሁድ ማታ የሚታዩበት ጊዜ ነበር፤ ተመልካቹ አንዱን ሲያይ ሌላው ያመልጠዋል።

በ1975 ሶኒ ቤታማክስ የተባለውን የቤት መቅረጫ አወጣ። በዓመቱ ለብቻው የሚሸጠው ዴክ በ1,300 ዶላር ገበያ ላይ ዋለ። ሶኒ ለማስታወቂያው የመረጠው ምሳሌ እነዚሁን ሁለት መርማሪዎች ነበር፦ ኮሎምቦን በማየትህ ኮጃክ አያመልጥህም የሚል መልእክት ያለው ማስታወቂያ ተዘጋጀ። የማስታወቂያው ረቂቅ ዩኒቨርሳል ዘንድ ደረሰ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሲድኒ ሻይንበርግ አንብቦ የራሱ ንብረት ያለ ፈቃዱ ሊቀዳ ነው አለ፤ በኅዳር 1976 ዩኒቨርሳል ከዲዝኒ ጋር ሆኖ ሶኒን ከሰሰ። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው የቤታማክስ ክር የሚይዘው አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። የአንድ ሰዓቱ ኮጃክ ይገባበታል፤ አንድ ሰዓት ተኩልና ሁለት ሰዓት የሚዘልቀው ኮሎምቦ ግን መጨረሻው ይቆረጣል። በዚያው ዓመት ጄቪሲ ያወጣው ቪኤችኤስ ሁለት ሰዓት ይቀርጽ ስለነበር ገበያውን ቀስ በቀስ ወሰደው።

ክሱ ከሰባት ዓመት በላይ ፈጀ። በ1979 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለሶኒ ፈረደ፤ በ1981 ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ገለበጠው። የሆሊውድ ኩባንያዎች ቃል አቀባይ ጃክ ቫለንቲ በ1982 ምክር ቤት ቀርቦ የቤት መቅረጫውን ከአንድ የታወቀ ነፍሰ ገዳይ ጋር አመሳሰለው። በመጨረሻ ጥር 17 ቀን 1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአምስት ለአራት ድምፅ ወሰነ፦ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በኋላ ለማየት ብሎ ፕሮግራም ቢቀርጽ ጥፋት የለበትም። አንድ ድምፅ ወደዚያ ቢያዘነብል ኖሮ ካሴት መሸጥም ማስቀመጥም ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ስለ ሁለት የቴሌቪዥን ፖሊሶች የተጻፈ አንድ ማስታወቂያ የዓለምን ሳሎን ሁሉ የሚነካ ሕግ ወለደ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ገዳዩ ማን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ የምርመራ ድራማን ገዝቶ ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል? ልጆች ማታ እሳት ዳር እንቆቅልህ ሲባባሉ መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ደስታው ያለው አጠያየቁና አመላለሱ ላይ ነው። ኮሎምቦም እንዲሁ ነው። ድራማው ሲከፈት ገዳዩ ሲገድል እናየዋለን፤ የሚቀረን መርማሪው በየትኛዋ ትንሽ ስህተት እንደሚይዘው መጠበቅ ነው። በሩ ላይ ደርሶ ተመልሶ አንድ ጥያቄ ብቻ ሲል የተጠርጣሪው ፊት ምን እንደሚመስል በሁለተኛው፣ በሦስተኛው እይታ የበለጠ ይታያል። ሰብሳቢዎቹ ከሌላው ድራማ አስቀድመው የመርማሪዎቹን ካሴት የደረደሩት ሞኝ ሆነው አይደለም፤ ደጋግሞ የሚታይ ሥራ የትኛው እንደሆነ በተግባር አውቀውት ነው።

በ1977 አንድሬ ብሌይ የተባለ የሚቺጋን ነጋዴ 50 የፎክስ ፊልሞችን በካሴት ለመሸጥ ፈቃድ ወሰደ። ለቤት የሚሸጥ ፊልም ንግድ ከዚያ ወዲያ ሰፋ። የቴሌቪዥን ድራማ ግን ዘግይቶ ነው ሱቅ የገባው፤ ብዙ ክፍል ያለው ድራማ መደርደሪያ ይሞላል፤ ካሴትም ውድ ነው። ስለዚህ ሰዎች ራሳቸው ቀረጹ። አንድ የተለመደ ካሴት በመደበኛ ፍጥነት 2 ሰዓት፣ በዝግታው 6 ሰዓት ይይዛል፤ ምስሉ ይደበዝዛል እንጂ ሦስት ኮሎምቦ ይገባበታል። በድጋሚ ስርጭት ጊዜ ጣቢያዎች ለማስታወቂያ ቦታ ሲሉ ደቂቃዎችን ስለሚቆርጡ፣ ያልተቆረጠውን የድሮ ቅጂ የያዘ ሰው እንደ ሀብታም ይቆጠር ነበር። ጄረሚ ብሬት ከ1984 እስከ 1994 በ41 ክፍሎች የተጫወተው ሼርሎክ ሆልምስ፣ በ1989 የጀመረው የዴቪድ ሱሼ ፖይሮ፣ ከ1974 እስከ 1998 281 ክፍል የደረሰው የጀርመኑ "ዴሪክ" ሁሉም በየአገሩ በእንዲህ ያለ የቤት ቀረጻ ተጠራቅመዋል።

ቤታማክስ በወጣባቸው በእነዚያ 1970ዎቹ እኛም አገር አንድ ትልቅ የማስቀመጥ ሥራ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና የአሜሪካው የሚኒሶታ የብራና ቤተ መጻሕፍት ተባብረው የየአድባራቱንና የየገዳማቱን ብራና በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ፤ ከ9 ሺህ በላይ ተነሣ። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት የእነዚህን ብራናዎች ዝርዝር ለማዘጋጀት ነው። የላስታ ሰው ይህን ሥራ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ዕቃ ቤት የሚጠብቅ፣ ብራና ሲያረጅ የሚያስደጉስ፣ በክፉ ቀን ዋሻ ውስጥ የሚሸሽግ ትውልድ ልጅ ነው። የሚቆጨኝ ይህ ጥንቃቄ ወደ አዲሱ ዕቃ፣ ወደ ካሴቱ አለመሻገሩ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1977 ዓ.ም. ባለ ቀለም ሆነ። የቪዲዮ ዴክ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ላይ በጥቂት ቤቶች ነበር፤ ከጅቡቲና ከጅዳ በሻንጣ የገባው ይበዛል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን ቪዲዮ ቤት እንደ ሻይ ቤት በየከተማው ተከፈተ። መብራት በሌለበት ጀነሬተር ደጅ ላይ ይጮሃል፤ ውስጥ አግዳሚ ወንበር፣ ጥቁር መጋረጃ፣ ሳጥን ላይ የተቀመጠ ቴሌቪዥን። የገበያ ቀን ሲሆን ከገጠር የወረደው ጎረምሳ ሳንቲሙን ከፍሎ ይገባል። ሕፃናት የሚያውቁት አንድ ሕግ ነበር፦ አክተሩ አይሞትም። ፍላቂት ላይም እንደ ሌላው የሰሜን ወሎ ከተማ ገበያው የራምቦ፣ የቻክ ኖሪስና የህንድ ፊልም ነበር። መርማሪው ንግግር ያበዛል፤ እንግሊዝኛውን ሳይሰሙ ሤራውንና ፍንጩን መከተል አይቻልም። ስለዚህ የቆየ የምርመራ ድራማ በካሴት ቢመጣም ቪዲዮ ቤት ሳይሆን የመምህራንና የነርሶች ቤት ነበር የሚታየው፤ ሰብሰብ ብለው አንዱ እየተረጎመ፣ ሌላው ገዳዩን እየገመተ።

ከውጭ የሚላከው ካሴት የራሱ ችግር ነበረው። አሜሪካ ያለ ዘመድ የቀረጸው ኤንቲኤስሲ በተባለው የምስል ሥርዓት ነው፤ የእኛ ቴሌቪዥን ደግሞ ፓል በተባለው ነበር የሚሠራው። ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ያልነበረው ሰው የሚያገኘው የሚንከባለል ጥቁርና ነጭ ምስል ነበር። በተቃራኒው ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄዱት የአማርኛ ድራማና ቀልድ ካሴቶች ተቀይረው ተባዝተው በሐበሻ ሱቆች ይሸጡ ነበር። በዚህ መንገድ ጣቢያው ራሱ ያላስቀመጠውን ነገር በስደት ያለ ሰው ሳሎን አስቀምጦት ይሆናል። ቀልደኞቹ ደረጀና ሀብቴ ሲጫወቱ፣ የበዓል ድራማዎች ሲተላለፉ ዴክ ያለው ሰው ባዶ ካሴት አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። እነዚያ ካሴቶች በየቤቱ ቁም ሣጥን ላይ አሉ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ካሴቱን ቪሲዲ ተካው። የአማርኛ ፊልም ኢንዱስትሪ በቪዲዮ ካሜራ ሲያንሠራራ የወንጀል ሤራ ያላቸው ታሪኮችም አብረው መጡ። ቅጂው ግን ከባለቤቱ ቀድሞ ገበያ ይደርስ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የመጣው በዚህ ምሬት መካከል ነው። ከዚያ ፍላሽ፣ ከዚያ የስልክ ሚሞሪ። ፍላቂት አደባባይ ላይ ዘፈንና ፊልም የሚጭን ወጣት ኮምፒውተር ይዞ ተቀመጠ። ኋላ የመጣው "ሰው ለሰው" አበበ ባልቻ በተጫወተው አስናቀ ምክንያት አገር ሙሉ የወንጀል ክር እየተከተለ ያወራበት ድራማ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ተከፍቶ "ጥቁር ፍቅር"ን በአማርኛ ድምፅ ሲያመጣ ደግሞ፣ የእጮኛውን ገዳይ የሚፈልገው ፖሊስ ዖመር ገጠር ድረስ በስሙ ታወቀ። የውጭ መርማሪ እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው ሙሉ በሙሉ ተገለጠ። ብዙ ምሁር ያንን ዘመን በንቀት ያወራል፤ እኔ አልንቀውም። እናቶች ማስረጃ ሲመዝኑ ሰምቻለሁ።

በውጭው ዓለም ዲቪዲ እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን ላይ ወጣ። ቀጭን ነው፤ አንድ ሙሉ የዓመት ሥራ በአንድ ጣት ውፍረት ሣጥን ይገባል። የ"ኤክስ ፋይልስ" የመጀመሪያ ዓመት በ2000 በሣጥን ሲሸጥ ጥሩ ገበያ እንዳለ ታወቀ። ኮሎምቦ በ2004 ተከተለ። ሶኒን የከሰሰው ዩኒቨርሳል ለሰው ቤት መደርደሪያ ብሎ ኮሎምቦን ራሱ አሽጎ ሸጠ። ከፊልሙ ተነሥቶ የተጣራው ምስል በ1971 ተመልካች ካየው ይልቅ ይጠራል። እስከ 2003 የዘለቁት 69 ክፍሎች በሙሉ አሉ።

የለንደኑ ቁስልም ጥቂት ሻረ። የእንግሊዝ ፊልም ተቋም ከ1993 ጀምሮ ጠፉ የተባሉትን ሥራዎች ማፈላለጉን ቀጠለ። በ2016 ከአንድ የግል ስብስብ ውስጥ የ"አቬንጀርስ" የመጀመሪያ ዓመት አንድ ክፍል ተገኘ፤ ሙሉ የሆኑት 3 ደረሱ። በፊላደልፊያ ትኖር የነበረች ማሪዮን ስቶክስ የተባለች ሴት ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምራ እስከምትሞትበት እስከ 2012 ድረስ የቴሌቪዥን ዜናን ሌት ተቀን ስትቀርጽ ኖራ ወደ 70 ሺህ ካሴት ትታ አለፈች። ጎረቤት ያልተረዳት ሴት ነበረች፤ ጣቢያዎቹ የጣሉትን ያቆየችው እርሷ ናት።

በዚያው 2016 ሶኒ የቤታማክስ ካሴት ማምረት አቆመ፤ በሐምሌ ደግሞ የመጨረሻው የቪኤችኤስ ዴክ አምራች የጃፓኑ ፉናይ ማምረቱን አቆመ። ዩኔስኮና የድምፅና ምስል መዛግብት ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2019 ማስጠንቀቂያ አወጡ፦ በማግኔት ክር ላይ ያለ ነገር በቶሎ ወደ ዲጂታል ካልተሻገረ ክሩ ደህና ቢሆን እንኳ የሚያጫውተው መሣሪያ አይገኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ወደ ሰሜን ወሎ ገባ። ላሊበላ፣ ጋሸና፣ መቄት ሁሉ የተዋጊዎች መተላለፊያ ሆኑ፤ ሰው ሞተ፣ ቤት ተዘረፈ፣ መብራትና ስልክ ለብዙ ወራት ጠፋ። ከሰው ሕይወት ጋር ስለ ካሴት ማውራት ቀላል ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ከተዘረፈው ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ጋር የሰርግ፣ የልቅሶ፣ የድራማ ቅጂ አብሮ ሄዷል።

ስለዚህ ካሴት ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ፈልጉት። የደጋው ብርድና ደረቅ አየር ለክር ይስማማዋል፤ ጭስና አቧራ ግን ይገድለዋል፤ አቁማችሁ፣ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ነጭ ሻጋታ ካያችሁበት ዴክ ውስጥ አታስገቡት፤ የዴኩን ሄድም ክሩንም ያበላሻል። ዴክ የሚጠግን ሰው በሕይወት እያለ ወደ ዲጂታል አስቀዱት፤ ሁለት ቅጂ በሁለት ቤት ይኑር። የአገር ውስጥ ድራማ፣ የአካባቢ በዓል፣ የወረዳ ስብሰባም ቢሆን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ወመዘክርን ጠይቁ፤ በ1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 179 የአገሪቱን ጽሑፍም ድምፅና ምስልም መጠበቅ ሥራው ነው። የፍላቂት፣ የጋሸና፣ የላሊበላ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን በየቤቱ ላኩና ምን እንዳለ አስመዝግቡ።